ለፍትሐት የተሰጠው ስም

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመት አለፈኝ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የውክልና፣ የውርስ፣ ምኑ ቅጡ። ቅጹ ሁሉ ግን የሚጀምረው በአንድ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሰዉ አያቱ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፣ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ አንዳንዱም “አንተው አንድ ደህና ስም አግባበት” ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። “የገዛ አያትህን ስም እኔ ላውጣልህ እንዴ?” ብዬ ወረቀቱን የወረወርኩበት ሰው አለ። አሁን ትዝ ሲለኝ አፌን በቆረጠው እላለሁ።

አንድ ቀን ከወለቃ አካባቢ አንዲት አሮጊት መጡ። ዘመዶቻቸው እስራኤል ከገቡ ቆይተዋል፤ እሳቸው ቀርተው ይጠብቃሉ። የሚፈለግባቸው የዘር ሐረግ ነው፤ ማን ማንን ወለደ፣ ማን የት ተቀበረ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጄ መጻፍ እስኪያቅተው ቆጠሩልኝ። የእናት ወገን፣ የአባት ወገን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ጡት ሳይጥሉ የሞቱትን ሳይቀር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና “እማማ፣ ይኼን ሁሉ እንዴት ያዙት?” አልኳቸው።

“ምነው፣ አንተ ያንተን አልያዝከውም?” አሉኝ።

አልያዝኩትም። አባቴን ቀብሬዋለሁ፣ ወገኑንም አውቀዋለሁ። በእናቴ በኩል ግን ስለ አያቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆላ ለሥራ ሲወርድ ዛሪማ ላይ በወባ ሞተ። ሌላ ምንም። የሰውን አያት ስጽፍ ውዬ የራሴን አለማወቄ ያን ቀን አሳፈረኝ። ማታ ወደ ቤት ስገባ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቼ ገባሁ።

እናቴ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። እግሯ ከድቷታል፤ አፏ ግን አልከዳትም። ባለቤቴ ሾርባ ስትሰጣት “ይኼ ሾርባ ነው ወይስ እጅሽን የታጠብሽበት?” ትላለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ “ደግሞ ምን ልትከሰኝ ነው?” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ደስ እያላት ትነግረኝ ጀመር። ስለ እናቷ፣ ስለ መንደሩ፣ ስለ ላሞቹ ጠባይ፣ በየትኛው ጅረት ማን እንደሰጠመ። ወደ አባቷ ስመልሳት ግን “ዛሪማ ሞተ አልኩህ እኮ” ትልና ውኃ ትጠይቃለች። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ደጋግማ ውኃ ጠየቀች።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ራሷ ጠራችኝ። “ያን ደብተርህን ዝጋውና አንድ ነገር ፈልግልኝ። የአባቴን የክርስትና ስም።”

የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ላላደገበት ልንገር። በዓለም ስምህ ጎረቤት ይጠራሃል፤ በክርስትና ስምህ ቤተ ክርስቲያን ትጠራሃለች። ስትሞት ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱልህ፣ ከኃጢአትህ ይፍታህ የሚሉህ፣ በዚያ ስም ነው። በእኛ አገር ደግሞ ይደበቃል። ጠላት ካወቀው ደብተራ ቤት ወስዶ መተት ያሠራበታል ተብሎ ይፈራል። አያቴ ከአጎቱ ልጅ ጋር በርስት ተጣልቶ ስለነበር ስሙን ለገዛ ሚስቱም አልነገራትም ነበር።

“ምን ያደርግልሻል አሁን?” አልኳት።

“ላስጠራለት።”

“ከስልሳ ዓመት በኋላ? እስከዛሬ የት ነበርሽ?”

ፊቷ ጠቆረ። “ልትፈልግልኝ ነው ወይስ ልትመረምረኝ?” አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ የአባቷ የክርስትና አባት ልጅ መንደሩ ውስጥ እንዳለ፣ አባቱ ምናልባት ነግሮት እንደሚሆን አስረዳችኝ። “አያ ነው የምንለው፤ ደግ ሰው ነው። የእሷ ልጅ ነኝ በለው፣ ይነግርሃል።”

ሄድኩ። ማለቴ፣ ዳባት ድረስ ሄድኩ። ከዳባት የእናቴ አገር የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ጉሙ ፊትህን አያሳይም። ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ ብዬ አንድ ሆቴል ገብቼ ሁለት ቀን ጥብስ እየበላሁ ዝናብ አየሁ። ሐምሌ ውስጥ ዝናብ እንዲያባራ የጠበቅሁ ጅል እኔ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ስኳርም አለብኝ፤ ይኼ ውሸት አይደለም። ግን ያስቀረኝ እሱ አይደለም። ነገሩን እንደ ዋዛ ስላየሁት ነው የቀረሁት። አንዲት አሮጊት ከመሞቷ በፊት ያማራት ነገር፣ አልኩ ለራሴ። ዋናው እሷ ደስ ይበላት አልኩ። ስመለስ ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ከመድረሱ በፊት ስሙን መርጬ ጨርሻለሁ። ደህና፣ የተለመደ፣ ማንም ወንድ ሊኖረው የሚችል ስም።

ያን ወረቀት የወረወርኩበትን ሰውዬ እግዜር ልኮብኝ ይሆን እያልኩ አስባለሁ አንዳንዴ።

ቤት ስገባ እናቴ ሰው ደግፏት ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ ስሙን ነገርኳት። “ማን ነገረህ?” አለች። “አያ ራሱ ነዋ! አርጅቷል፤ ሰላም በላት ብሎኛል” አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ እኔኑ ገረመኝ። እናቴ በዚያ በደከመ ድምፅዋ እልል አለች። ከዚያ አለቀሰች። በነጋታው የነፍስ አባቷን አስጠርታ ስሙን ሰጠቻቸው፣ በቅዳሴ ይጠራልኝ አለች። ያን ሰሞን እህል በአፏ ገባ፤ ፊቷ ወዝ አወጣ። ባለቤቴ “ምን አድርገህላት ነው?” ስትለኝ ደረቴን ነፋሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉ ላይ ቆሜ መጨፈሬ ነበር።

መስከረም ላይ ከመንደሩ አንዲት ዘመዳችን ዓይኗን ለመታከም ጎንደር መጣች፤ እኛ ቤት አረፈች። እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ ስለ አገሩ ሰው ሁሉ ጠየቀቻት። እኔ በር ላይ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ። “አያስ እንዴት ሰነበተ? በሐምሌ ልጄ ሲያገኘው ደህና ነው አለኝ” አለቻት።

“የቱ አያ?” አለች ዘመዳችን። እናቴ ነገረቻት። ሴትየዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን አየች። “እሱማ ባለፈው ዓመት በአጨዳ አረፈ። ምነው፣ መርዶው አልደረሳችሁም?”

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አላየችም። “ነፍስ ይማር” አለች ብቻ፤ ወሬውን ወደ ሌላ መለሰችው። እንግዳዋ ሁለት ቀን ቆይታ እስክትሄድ ድረስ እናቴ እንደ ወትሮዋ ስትስቅ፣ ስትቀልድ ሰነበተች። ከሄደች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስጠራት አትመልስም፤ ሳጎርሳት አፏን ትዘጋለች፣ ከባለቤቴ እጅ ብቻ ትቀበላለች። “እማ፣ ጥፋቴ ነው፣ ማሪኝ” አልኳት። ግድግዳውን ታያለች። ሽማግሌ ሆኜ እንደ ልጅ ተንበረከክሁ።

በሦስተኛው ቀን “ተቀመጥ” አለችኝ። አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞረች ነው የነገረችኝ።

“አባቴ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነው። መርዶው በማለዳ መጣ። እናቴ እንደሰማች ወደቀች፤ ሴቶቹ ውኃ ያፈሱባታል። የአባቴ ወገኖች ገና አልደረሱም። አስከሬን የለ፤ ዛሪማ ሰዎች ቀብረውታል። ልብሱን አውጥተው ዘረጉት። ቄሱ መጡና ፍትሐት ላደርስ ነው፣ የክርስትና ስሙን የሥጋ ዘመድ ይጥራ አሉ። የሚያውቅ ዘመድ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ትልቋ ልጅ እኔ ነኛ።”

“አላውቀውም አትዪም ነበር?”

“በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? የአባቷን ስም የማታውቅ ልባል?” አለች። “እኔ የማውቀው የወንድ የክርስትና ስም አንድ ብቻ ነበር። ወንድሜ ክርስትና ሲነሳ እናቴን ተከትዬ ሄጄ ቄሱ ሲጠሩት ሰምቻለሁ። እሱን ሰጠኋቸው። ቄሱ አዩኝ፤ ‘እሺ ልጄ’ አሉኝ። ፍትሐቱን አደረሱ።”

ወንድም። በዚያ ሁሉ ወራት ደብተሬ ውስጥ አንድም ቀን ወንድም ነበረኝ አላለችኝም።

“ወንድሜ ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ነበር” አለች። “እናቴ ወድቃ እኔ ነኝ ያዘልኩት። ፀጉሬን እየጎተተ ይጫወታል። ጀርባዬ ላይ ይዤው በቁሙ አስፈታሁት። ፋሲካን አላየም፤ ሞተ። አባቴም ሳይፈታ ቀረ። ሁለቱንም እኔ ነኝ።”

ምን ይባላል? “ለእናትሽም አልነገርሽ?” አልኳት በመጨረሻ። አልነገረችም። ለአባቴም። ለነፍስ አባቷም። “ምን ብዬ ልንገር? ወንድሜን ገደልኩ ብዬ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።” ከዚያ ዞራ አየችኝ። “አባቴን ሳላስፈታ አልሙት ብዬ ነው የላክሁህ። አንተ ደግሞ የማንን ስም እንዳስጠራህብኝ እግዜር ይወቅ። ይኼን ሰሞን ሙሉ ማን ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ይሆን የሞተው እላለሁ።”

አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። የራሷን የክርስትና ስም ነገረችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። “የእኔን እንኳ ያዝ” አለች።

ያን ሳምንት ወደ መንደሩ ልነሳ ስል ውጊያ ተነሳና ጊዜው ከፋ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አራት ቀን ይዘጋል፤ ስልክ ይሠራል ሲሉህ ይጠፋል። ባለቤቴ “በዚህ ሰዓት ማን ይወጣል? ጥይት አይመርጥም” ብላ በር ላይ ቆመችብኝ። በጥቅምት መጨረሻ መኪና ተገኘ ሲባል ተሳፈርኩ። ዳባት ስደርስ ያን ሆቴል አልፌ፣ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሬ ተያያዝኩት። ገብሱ ደርሶ አልተሰበሰበም፤ በየማሳው ዳር ሰዎች ወደ መንገዱ እያዩ ነው የሚያጭዱት። መንገድ ላይ ያገኘነው ሁሉ ከየት መጣህ፣ ምን ፈልገህ ነው ይለኛል። የአያቴን የክርስትና ስም ስላቸው ያዩኛል፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው አበደ ወይ እያሉ መሆን አለበት። ጉልበቴ አብጦ፣ እየተሳብኩ ደረስኩ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ያኔ የነበረ፣ ያን ለቅሶ የሚያስታውስ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ዓይነ ስውር ቄስ ከደጀ ሰላሙ ጽድ ሥር ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን አሳዩኝ። ያኔ ዲያቆን ነበሩ አሉኝ። ሄጄ መስቀል ተሳለምኩና የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

“ያቺ ልጅ በሕይወት አለች?” አሉ።

“አለች፣ አባ።”

“እኛ ከተማ ገብታ ናቀችን ነበር የምንል። እናቷን ልትቀብር መጥታ እንኳ እዚህ ግቢ ውስጥ አልገባችም፤ ውጭ ቆማ አልቅሳ ሄደች።”

የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ውሸቴንም ጭምር። ስጨርስ “ኧረ የአምላክ ያለህ” አሉ። “ኧረ የአምላክ ያለህ! ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ እኮ የአያትህ የነፍስ አባት ነበሩ። ስሙን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።”

“ታዲያ ምነው ጠየቋት?” ብዬ ጮህኩ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ መጮሄን ያወቅሁት ሰዎች ዞረው ሲያዩኝ ነው።

“ደንብ ነዋ ልጄ! የነፍስ አባት የያዘውን በአደባባይ አያወጣም። ዘመድ ይጠራል፣ ቄስ ይቀበላል። እንደዚያ ነው።”

“የሰጠችው እኮ የወንድሟን ስም ነው።”

“አጣነው መሰለህ? ክርስትና ያነሳነው እኛ፤ በለቅሶውም ቀን ጥላ ይዤ የቆምኩት እኔ። ስሙን ስትጠራ እኔና ቄሱ ተያየን። ሕፃኑ በትከሻዋ በኩል ብቅ ብሎ ያየናል። ቄሱ ‘እሺ ልጄ’ አሏት። ጸሎቱ ላይ ግን የጠሩት የአባቷን ነው፤ እውነተኛውን። አጠገባቸው ነኝ፣ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።”

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጽዱ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ። “ለምን አልነገራችኋትም?” አልኳቸው።

“ምን ብለን? በአባቷ ለቅሶ፣ በሰው ፊት እናሳፍራት? ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች አልን። እኛም ረሳነው።”

“ወንድሟስ?”

“እሱን ኩፍኝ ነው የወሰደው። ያን ዓመት ኩፍኝ ገብቶ ስንቱን ሕፃን ጠረገው። እኔም እህቴን ቀብሬያለሁ። የእሷን ስም ማን ጠራው?” መቋሚያቸውን አስተካክለው ያዙና “ቄሱ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖረዋል” አሉ። “አንድ ቀን መጥታ አባ፣ ተሳስቼ ነበር ብትላቸው ኖሮ ይነግሯት ነበር። ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር።”

ስልኬን አወጣሁ፤ ድምፃቸውን ቀድቼ ላሰማት። ሞቷል። መንገዱን በስልኬ ባትሪ ሳበራ ጨርሼዋለሁ፤ መንደሩ መብራት የለውም። ያለኝ ደብተሩና እስክሪብቶው ነው። እኔ ደግሞ በሌላ አላውቅ። ጽድ ሥር ተቀምጬ የምስክርነት ቃላቸውን ጻፍኩ፤ “እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው” ብዬ ጀምሬ፣ እንደ ሥራዬ። ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀብቼ አሻራቸውን አስነሳሁ። የአያቴን ስም ግን በወረቀቱ ላይ እንድጽፍ አልፈቀዱም። “ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የደበቀውን እኛ በወረቀት እንበትነው?” አሉና ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ነገሩኝ። እዚህም አልጽፈውም።

“መኪና ይዤ መጥቼ ወደ እሷ ብወስድዎትስ?” አልኳቸው።

“ምነው አልመጣ? ብትሸከመኝም እመጣለሁ” አሉ።

ስመለስ እናቴ ክፍል ከነጫማዬ ነው የገባሁት። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ቄሱ የነፍስ አባቱ እንደነበሩ፣ ስሙን እንደሚያውቁት፣ እውነተኛውን እንደጠሩት፣ አባቷ ያን ቀን እንደተፈታ፣ ወንድሟን ኩፍኝ እንደወሰደው። “አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ እማ! ምንም!” አልኳት። እጇን ይዤ ነበር። እጇ እጄ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

“ማን ነገረህ?” አለች።

“አንድ ዓይነ ስውር ቄስ፤ ያኔ ዲያቆን የነበሩ።”

“ይኼኛውስ በሕይወት አለ?”

እንደዚያ ነው ያለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ ብትቆጣ በወደድኩ። ደብተሬን ከፍቼ አሻራውን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን አሻራው ላይ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አደረገች። “ወረቀት መጻፍማ ሥራህ ነው” አለች።

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። የታመመች እናቴ ላይ ጮህኩባት። “እናቴ ትሙት፣ እውነቴን ነው!” አልኩ። ለካስ የምምልባት እሷው ራሷ ፊቴ ተኝታለች።

ሳቀች። “እሷማ እየሞተች ነው” አለች።

ባለቤቴ ከኋላዬ “ኧረ ተው” ትለኛለች። ተንበርክኬ ወደ እናቴ ጆሮ ተጠጋሁና ስሙን ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ስሙን በልቧ ደገመችው መሰለኝ። “ሸጋ ስም ነው” አለች። ከዚያ ያን የከሳ እጇን አንስታ ራሴ ላይ አደረገች። የስምንት ዓመት ልጅ የሆንኩ ያህል አየችኝ።

“እሺ ልጄ” አለችኝ።

ቄሱ ያኔ ‘እሺ ልጄ’ ያሏት ስሙ ልክ እንዳልሆነ እያወቁ መሆኑን ከእኔው አፍ ገና አሁን መስማቷ ነው።

ዓይነ ስውሩን ቄስ ላመጣቸው መኪና ፍለጋ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ሹፌር ሁሉ ለመንኩ፤ አንዱ “ሰውዬ፣ ለሞተ ሰው ስም ብዬ ልሙት?” አለኝ፤ ልክ ነው። በስልክ እንዳላገናኛት መስመሩ የለም። ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ኅዳር አለቀ። የነፍስ አባቷ ሊጠይቋት ሲመጡ በር ድረስ ሸኘኋቸውና “የአባቷን ስም አስጠሩልኝ አለችዎት?” አልኳቸው። አላለቻቸውም። የፊተኛውን፣ እኔ የፈጠርኩትን ግን ከእንግዲህ እንዳይጠሩት ለምናቸዋለች። በታኅሣሥ፣ ረፋድ ላይ፣ ባለቤቴ ፊቷን እያጠበቻት ሳለ አረፈች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ስልሳ ዓመት አድሮ ጠራ፤ እኔ አንድ ሐምሌ ቀድሜ ዋሸሁበት። ደብተሩ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሰው አያቱ ስም ላይ ሲደርስ ሲንተባተብ አሁን አልቆጣም። እንዲሄድና እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልቁ፣ መንገዱም ሳይዘጋ። አንዳንዱ ይሰማኛል። ሌላው “ምን ቆርጦህ ነው የምትመክረኝ፣ ጻፍ ዝም ብለህ” ይለኛል።

የቀብሯ ዕለት ግን ይኼን ሁሉ ገና አላሰብኩትም። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብቷል፤ ሰው ዙሪያውን ቆሟል። የደብሩ ቄስ መጽሐፋቸውን ይዘው መጡና ሰዉን አዩ። “የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ዘመድ?” አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወደ ፊት ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ያስደገመችኝን ስም አንድም ፊደል ሳላዛንፍ ነገርኳቸው።

“እሺ ልጄ” አሉ።

ካባቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። “አባ፣ ትክክለኛው እሱ ነው! አልተሳሳትኩም! እሱን ነው የሚጠሩት አይደል? ሌላ የሚያውቁት ስም የለም አይደል?” እያልኩ ጮህኩ። ድምፄ ከሴቶቹ ለቅሶ በላይ ሄደ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ሊያስለቅቁኝ ታገሉ፤ “ሐዘኑ ነው፣ ያዙት፣ ያዙት” ይባባላሉ። እኔ አልለቅም አልኩ። ቄሱም ግራ ገብቷቸው እጄን እየደባበሱ “እሺ ልጄ፣ እሺ” ይሉኛል።